«ተገለጸ» በማን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የጻፈልኝ ወጣት እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሌላ አይሰማም። ታላቅ ወንድሜ ያንን ጣቢያ የመንግሥት አፍ ነው ይልና ከውጭ አገር የሚተላለፍ የዩቲዩብ ዜና ይከታተላል። እኔ ቴሌግራም ላይ የደረሰኝን አነባለሁ። ባለፈው ሰሞን ስለ አንድ ጉዳይ ሦስታችንም የተለያየ ነገር ይዘን እራት ላይ ተጣላን፤ እናቴ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። አንተ ዕድሜህን በዜና ሥራ ላይ የጨረስክ ሰው ነህ፤ የትኛውን ልመን? ወይስ ጭራሹን ልተወው?»

«አንተ» ስላልከኝ ደስ ብሎኛል። አዲስ አበባ በሠራሁባቸው ዓመታት «አንቱ» በተባልኩ ቁጥር ከኋላዬ ሌላ ሽማግሌ የቆመ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። በድሬ ወግ እኔም አንተ እልሃለሁ።

የሚታመን ጣቢያ ስም ግን አልጽፍልህም። ፈርቼ አይደለም፤ መልሱ እዚያ ስለሌለ ነው። ሃያ ዓመት ያህል በዘጋቢነትም በአርታኢነትም ስሠራ፣ በአንድ ዜና ውስጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት፣ ሁለተኛው ግምት፣ ሦስተኛው ቅጥፈት ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዳንዱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አባትህ የሚሰማው ጣቢያ የመንገድ መዘጋትን፣ የፈተና ቀንን፣ የነዳጅ ዋጋን በትክክል ይነግረዋል። ወንድምህ የሚያየው ሰው ደግሞ ያ ጣቢያ የማይነካውን የእስር ወሬ ቀድሞ ያመጣል። ሁለቱም በዚያው ምሽት ሌላ ነገር ላይ ሊዋሹ ይችላሉ። ስለዚህ ዜና በጅምላ አይገዛም። በችርቻሮ ነው የሚመዘነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ የሚቀጥለው።

አመዛዘኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በከተማችን ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጠህ እንደሆነ ታውቀዋለህ። (ቃም ማለቴ አይደለም፤ እኔንም ሐኪም ከከለከለኝ ቆይቷል።) አንዱ «ዛሬ ቀፊራ ገበያ ሰው ተደባደበ» ብሎ ሲጀምር ወዲያው «አንተ ነበርክ?» ይባላል። «አልነበርኩም፤ እገሌ ነው የነገረኝ።» «እገሌስ ነበር?» «እሱም የባጃጅ ሹፌር ነግሮት ነው።» በቃ፣ እዚያ ላይ ወሬው ዋጋው ይወርዳል፤ ሰዎቹም ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋሉ። ይህ ሁሉ ግን ምርቃናው ከመግባቱ በፊት ነው። ምርቃናው ሲገባ «አንተ ነበርክ?» የሚል ይጠፋና ሁሉም እንደነበረ ሆኖ ያወራል። የፖለቲካ ዜናችን ችግሩ ከጠዋቱ ጀምሮ ምርቃና ላይ መሆኑ ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፈውን ቃልና ሥራ፣ የተማረ ሰው ብታገኝ ደግሞ ይህንኑ ነገር ከእኔ በበለጠ ሥርዓት ያስረዳሃል። ኢስናድ ይሉታል፤ የነጋሪዎች ሰንሰለት ነው። ቃሉ ከመነበቡ በፊት እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ ሰማሁ እያለ ሰንሰለቱ ይነበባል። ከመካከል አንድ ሰው ከጎደለ፣ ወይም ከነጋሪዎቹ የአንዱ የማስታወስ ችሎታ ከተጠረጠረ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ደረጃው ይወርዳል። ሃምሳ ሰው ያወራው ነገር ደግሞ ሃምሳዎቹም ከአንድ ሰው ሰምተውት ከሆነ የአንድ ሰው ወሬ ተደርጎ ነው የሚያዘው። እኛ ዘንድ ግን «አምስት ሚዲያ ዘግቦታል» ሲባል ክርክር ያልቃል። አምስቱን ከፍተህ ብታያቸው አምስቱም ከአንድ ኮሙኒኬሽን ቢሮ የፌስቡክ ገጽ የተቀዱ ናቸው፤ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር ይመሳሰላል። ግድፈቱን እንደ አሻራ ተጠቀምበት፤ እኔ ብዙ ቀጂ የያዝኩት በእሱ ነው።

አሁን ወደ ግሡ ልግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የአማርኛ ዜና አብዝቶ የሚወደው ግሥ «ተገለጸ» ነው። ዘመዶቹ «ተባለ»፣ «ታወቀ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» ይባላሉ። ሁሉም ተደራጊ ናቸው፤ ድርጊቱ አለ፣ አድራጊው የለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ውሰድ፤ ቢያንስ መቶ ጊዜ ሰምተሃታል፦ «በአካባቢው በተከሰተ ግጭት የሰው ሕይወት መጥፋቱ ተገለጸ።» በአካባቢው፤ የት? በተከሰተ፤ እንደ ዝናብ፣ እንደ ጨረቃ ግርዶሽ ራሱ መጣ ማለት ነው። ግጭት፤ በማንና በማን መካከል? ፖሊስ ባዶ እጁን ያለ ሰው ላይ ቢተኩስም ግጭት ነው፤ ታጣቂ ፖሊስ ቢገድልም ግጭት ነው፤ ሁለት ጎረቤቶች በወሰን ቢፈናከቱም ግጭት ነው። የሰው ሕይወት መጥፋቱ፤ ሕይወት እንደ ቁልፍ ጠፋ፤ የገደለ የለም፣ የሞተውም ስም የለውም። ተገለጸ፤ በማን? ሰባት ቃል ጽፈን አንድ ሰው አላስገባንም።

እንዲህ የጻፍኩት ሁልጊዜ ልዋሽ ፈልጌ አልነበረም። አንዳንዴ የማውቀው ያን ያህል ብቻ ሆኖ ነው። አንዳንዴ ስም ብጽፍ ነገ የሚጠራኝ ሰው እንዳለ አውቄ ነው። እና ተደራጊ ግሥ ሁሉ ተንኮል አይደለም። ሐቀኛው ጸሐፊ ቀዳዳውን ራሱ ያሳይሃል፦ «ማን እንደተኮሰ አልታወቀም፤ የዓይን እማኞች ተኩሱ ከድልድዩ በኩል መጣ ይላሉ፤ ፖሊስ መልስ አልሰጠም።» ይህ ሰው ያላወቀውን ነግሮሃል። ሌላው ግን ቀዳዳውን በ«ተገለጸ» ለጥፎበታል።

ወንድምህ የሚሰማው ዓይነት ዜና ተቃራኒው በሽታ ነው ያለበት። እዚያ አድራጊ ሞልቷል። ጭሱ ሳይበርድ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ፣ ማን እንዳደረገው፣ ማን እንዳዘዘው፣ ለምን እንዳዘዘው ታውቋል። ግሦቹ ሁሉ አድራጊ ናቸው፦ ጨፈጨፉ፣ ደመሰሱ፣ አሳደዱ። የጎደለው ያየ ሰው ነው። «የውስጥ ምንጮቼ» የሚል ሰው ምንጮቹ ስንት እንደሆኑ፣ ቦታው ላይ እንደነበሩ ወይም ስልክ ላይ እንደሰሙ ካልነገረህ፣ ምንጩ ራሱ መሆኑን ጠርጥር። አንዱ አድራጊውን ይደብቃል፣ አንዱ ይፈጥራል፤ ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ ያው የበርጫው ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይህ፤ በራሴ የደረሰ ነው። ዓመታት አልፈውታል። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጫፍ ላይ ሁለት ሻጮች በሸራ ተጣሉ። ለጥላ የሚወጠረው ሸራ ነው። የአንደኛው ገመድ በሌላኛው መደብ ላይ ያልፍ ኖሯል፤ ንፋስ ሲመጣ ሸራው እየተርገበገበ የዚያኛውን ዕቃ ያወርድበታል። ያን ቀን አንድ ካርቶን ብርጭቆ ወረደና ተሰበረ። ባለ ብርጭቆው ገመዱን በቢላዋ ቆረጠው፤ ባለ ሸራው የወደቀውን ቋሚ አንሥቶ ራሱን ፈነከተው። ስደርስ ደሙ ካርቶኑ ላይ አልደረቀም፤ አንዲት ሳምቡሳ ሻጭ በጆግ ውኃ እያፈሰሰች «ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ» ትለዋለች። አራት ሰው ጠየቅሁ፤ አራቱም ስለ ገመዱ ነገሩኝ። ለዜና ክፍሉ ደወልኩ። አርታኢው ገመዱን አልጠየቀኝም። «ብሔራቸው ምንድን ነው?» አለኝ። አላወቅሁም አልኩት። «ጠይቅ» አለኝ። ጠየቅሁ፤ እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ሁለት የተለያየ ሆኖ ተገኘ፤ ያንንም በስልክ ነገርኩት።

ማታ የወጣው ርዕስ «በድሬዳዋ በሁለት ወገኖች መካከል ግጭት ተከሰተ» የሚል ነበር። እያንዳንዱን ቃል ፍርድ ቤት ብታቀርበው ነጻ ይወጣል። ድሬዳዋ ነው፤ ወገኖቹ ሁለት ናቸው፤ ተጋጭተዋል። ገመዱ ብቻ የለም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ «ደህና ናችሁ?» የሚል ስልክ ጀመረ። በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ረድፍ ግማሹ ሱቅ ሳይከፈት ዋለ፤ ማዕዘኑ ላይ የፖሊስ ፒካፕ ቆመ። ከሌላ ቦታ የመጣ ዘጋቢ ይህን አይቶ «በድሬዳዋ ውጥረት ነግሷል» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም፤ ውጥረቱ በዓይን ይታይ ነበር። ውጥረቱን የወለደው የትናንቱ ርዕስ መሆኑ ግን በዜናው ውስጥ አልገባም። ስለዚህ «ውጥረት»፣ «ስጋት»፣ «ቁጣ» የሚል ዜና ስታገኝ ከዜናው በፊት ነበረ ወይስ በኋላ መጣ ብለህ ቀኑን አጣራ።

ግሥ ደግሞ ወገን ይይዛል። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በነበሩት ቀናት፣ ሐረር የነበረው የራስ መኰንን የፈረስ ላይ ሐውልት ወደቀ። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነበር። ያን ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ስለነበር፣ ከሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን የተቀመጥነው እኛ ወሬውን የሰማነው ባሕር ተሻግሮ በሳተላይት ተመልሶ መጥቶ ነው። አሁን ከላይ የጻፍኩትን ግሥ አስተዋልከው? «ወደቀ» ብያለሁ። ሐውልት እንደ ማንጎ ከዛፍ አይወድቅም፤ የጣሉት ሰዎች ናቸው። «ወደመ» ብል ኖሮ ለቅርስ የማለቅስ መሆኔን ታውቅ ነበር፤ «ተገረሰሰ» ብል ደስ ያለኝ መሆኔን፤ «ተነሣ» ብል ማዘጋጃ ቤት በክሬን ያዛወረው ይመስልህ ነበር። አንዱንም ሳላስበው የምመርጥ አይምሰልህ። በዚያ ሰሞን ስለ ሐውልቱ ብዙ ሰዓት ተወራ፤ ማን ነበር፣ ስንት ሰው ነበር፣ በስንት ሰዓት ሆነ፣ የጸጥታ ኃይል የት ቆሞ ነበር የሚለው ግን ከወሬው ውስጥ የተረፈለት ቦታ ትንሽ ነበር። ስለ ራስ መኰንን ማንነት መከራከር ሐረር መሄድን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ርካሽ ነው።

ቁጥር ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ አትደንግጥ። ስለ ድሬዳዋ ፖለቲካ የሚጻፍ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ «ከነዋሪው ይህን ያህል በመቶው» የሚል ሐረግ ያመጣል። ከየት አመጣው? በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 341,834፣ የሐረሪ ክልል 183,415 ተብሎ ተመዘገበ። ቀጣዩ ቆጠራ ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ፣ እስካሁን አልተቆጠርንም። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ድምፅ ለመስጠት ደርሷል። ከዚያ ወዲህ የምትሰማው የሕዝብ ብዛት ትንበያ ነው፤ ትንበያ ነውር የለውም፣ ትንበያ መሆኑ ካልተነገረህ ግን ተታለልክ። ሌላም አለ፦ ያ 341 ሺህ የገጠር ቀበሌዎቹን ጨምሮ ነው፤ ከተማው ብቻውን 233 ሺህ ገደማ ነበር። አንዱ ተከራካሪ የአስተዳደሩን፣ ሌላው የከተማውን ቁጥር ይዞ ይመጣና ሁለቱም «የድሬዳዋ ሕዝብ» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሲጨቃጨቁ ያድራሉ።

የጎርፉን ጊዜ አንተ አታስታውሰው ይሆናል፤ አባትህ አይረሳውም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በሰፈሩ ላይ ሲወጣ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። የሟቾቹ ቁጥር በመጀመሪያው ጠዋት ከተነገረው ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ነው የሄደው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ሚዲያው ይደብቃል» አለ። እኔ ግን የሚቀያየር ቁጥር ያን ያህል አያስፈራኝም፤ የሚቆጥር ሰው ቁጥሩ ይለወጣል፣ አስከሬን ከአሸዋ የሚወጣው በአንድ ቀን አይደለም። የሚያስፈራኝ በመጀመሪያው ማታ ድፍን ሆኖ የመጣና እስከ መጨረሻው የማይነቃነቅ ቁጥር ነው። «እስከዚህ ሰዓት የተገኘው» የሚለው ሐረግ ካለ ጸሐፊው ሥራውን ያውቃል።

በዚሁ ጎርፍ ሌላ ነገር ላሳይህ። በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ 2006 ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰነፍ ሰው «በ2006 በድሬዳዋ የደረሰው ጎርፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ጎርፉም ስምንት ዓመት ወደፊት ይንሳፈፋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የፈረንጁን የጠዋት ስምንት ሰዓት እንዳለ የሚያመጣ ተርጓሚ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሆነውን ነገር ከቦታው ያፈናቅለዋል። ለአየር ጠባይ ዜና ግድ የለም። ሰልፉ ሳይበተን ነው የተተኮሰው ወይስ ከተበተነ በኋላ በሚል ክርክር ውስጥ ግን ስድስት ሰዓት ማለት ጥፋተኛውን ከነጻው የሚለይ ልዩነት ነው። የውጭ ሚዲያ ዜና በአማርኛ ስታነብ ቀኑንና ሰዓቱን መጀመሪያ ፈትሽ፤ እዚያ የተሳሳተ ሰው ሌላውንም በጥድፊያ ነው የሠራው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 «ኢትዮጵያ ድምፅ ሰጠች» የሚል ርዕስ ዓለምን ሞላ። እኛ ድሬ ላይ ያን ቀን ተሰልፈን ሰጥተናል። ሐረር የምትኖር እህቴ ግን አልሰጠችም፤ የሐረሪና የሶማሌ ክልሎች ምርጫ የተካሄደው መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። ትግራይ ውስጥ ጭራሹን አልነበረም። አገር በአንድ ርዕስ ሲጠራ ሁልጊዜ ከርዕሱ ውጭ የቀረ ሰው አለ፤ ብዙውን ጊዜ ያ ሰው የሚኖረው ከዋና ከተማው ራቅ ብሎ ነው። «የድሬዳዋ ነዋሪዎች ቅሬታቸውን ገለጹ» የሚለውም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስንት ነዋሪ? እኔ ልንገርህ፤ ሦስት። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቆሜ ሦስት ሰው ጠይቄ «ነዋሪዎች» ብዬ የላክሁበት ቀን ብዙ ነው። አንዱ ሹፌሬ ነበር።

ሰልፍ ላይ «በሺዎች የሚቆጠሩ» ሲባል መንገዱን በልብህ ለካው። ስፋቱ 12 ሜትር የሆነ መንገድ 300 ሜትር ያህል ሰው ሞልቶት ከሆነ 3,600 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሰው ብታቆም 7,200፤ እየተራመዱ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ነው። «መቶ ሺህ ሰው» ያለህን ሰው ሌላው ዘጠና ሺህ የት ቆሞ እንደነበር ጠይቀው።

ወደ ፎቶግራፍ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የምሥራቁ አገር ከማንም የበለጠ የቆየ ትምህርት አለው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርዱ የነበሩት በእኛው በኩል፣ በሐረርጌ ነበር። ዋናው ክስ ሰልመዋል የሚል ነው። ጥምጥም ጠምጥመው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የሚያሳየውም «ይኸው!» ይላል። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ልብስን ነው፤ ሃይማኖት ካሜራ ላይ አይወጣም። ከሐረርና ከሶማሌ ባላባቶች ጋር ወዳጅነት የሚፈልግ ገዥ የአገሩን ሰው መስሎ ቢለብስ ፖለቲካም ይሆናል፣ እምነትም ይሆናል፤ የታሪክ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተውም አልተስማሙም። በዚያው ክረምት ደጃዝማች ተፈሪ ከሐረር ገዥነት ተነሥተው እንደነበርም አትርሳ፤ ወሬው ማንን እንደሚጠቅም ለማየት ይረዳል። ፎቶው ሐሰት ነው እያልኩህ አይደለም። ፎቶው እውነተኛ፣ ከሥሩ የተጻፈው ግን ያልተረጋገጠ ሊሆን ይችላል እያልኩህ ነው።

የዛሬዎቹም ፎቶዎች እንደዚያው ናቸው። የተቀነባበረ ምስል የምናወራውን ያህል ብዙ አይደለም፤ የሚበዛው ትክክለኛ ፎቶ በሐሰት መግለጫ ነው። በየክረምቱ «ደቻቱ አሁን» ተብሎ የሚላክልኝን አሮጌ የጎርፍ ፎቶ በቁመናው ለይቼ አውቀዋለሁ፤ እንደ ዘመድ እየመጣ ይጠይቀኛል። ሱቁ ላይ ያለውን ጽሕፈት አንብብ፤ በየትኛው ቋንቋ ነው? ጥላው ወዴት ዞሯል፣ ተራራው የማን ነው፣ ሰዎቹ ሹራብ ለብሰዋል? ድሬዳዋ በግንቦት ሹራብ የለበሰ ሰው ካየህ ፎቶው የሌላ ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ በጉግል ምስሉን ፈልገው። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የሚባሉትም ይህን ሥራ በአማርኛ ይሠራሉ፤ ካጣራሃቸው ነገሮች ጋር አስተያያቸው፣ እነሱንም ቢሆን።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ጋዜጠኛ ለስብሰባ ሲጠራ አበል አለ፣ ምሳ አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ። እኔም በልቻለሁ። የሚወጣው ዜና «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ»፣ «አስታወቁ» በሚሉ ግሦች ይሞላል፤ አንድም ነገር አልሆነም፣ ሰው ብቻ ተናግሯል። ከውጭ የሚያወራው ደግሞ የሚበላው ከተመልካች ቁጥር ነው፤ ቀኑ ጸጥ ያለ ከሆነ ይርበዋል። ለዚህ ነው ሳምንት ሙሉ «ሰበር ዜና» የሚለው። የወንድምህ ሰውና የአባትህ ጣቢያ የሚለያዩት በጨዋነት ብቻ አይደለም፤ እንጀራቸው የሚመጣበት በር ይለያያል።

ቴሌግራም ላይ ታነባለህ ስላልከኝ አንድ ማስጠንቀቂያ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማሰራጨትን ያስቀጣል፤ ከአምስት ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ይህ ሐሰት ነው ብሎ የሚወስነው ማን ነው በሚለው ላይ እኔ ራሴ ቅሬታ አለኝ፤ ሥልጣን የያዘ ሰው የማይወደውን ነገር ሐሰት ማለት ይቀናዋል። ቢሆንም «አስተላለፍኩት እንጂ አልጻፍኩትም» ማለት እንደማያድንህ እወቅ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

«ጭራሹን ልተወው?» ላልከው፦ ጎረቤቴ ትቶታል። «ሁሉም ውሸታም ነው» ብሎ ቴሌቪዥኑን ሸጠ። ባለፈው ወር አንድ የማይታወቅ ሰው በቴሌግራም የላከውን የድምፅ ቅጂ አምኖ ሁለት ኩንታል ዱቄት ገዛ፤ ዱቄት ሊጠፋ ነው ተብሎ። ለምን አመንከው ስለው «ይኼ እኮ ሚዲያ አይደለም፣ ሰው ነው የተናገረው» አለኝ። ዱቄቱን ነቀዝ ጀምሮታል።

አባትህን በክርክር አትመልሰውም፤ አትሞክር። ከጎኑ ተቀምጠህ አብረህ እይና «ተገለጸ» በተባለ ቁጥር ቀስ ብለህ «በማን?» በል። አባቴ ላይ ሞክሬዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ቀድሞኝ ማለት ጀመረ፤ ከዚያ እኔ የጻፍኩትም ላይ ማለት ጀመረ።

የታይዋኖቹ ሻጮች በሁለት ሳምንታቸው በሽማግሌ ታርቀዋል። ባለ ሸራው የብርጭቆውን ግማሽ ከፈለ፣ ገመዱንም በሌላ በኩል አሠረው። ለዜና ክፍሉ ጽፌ ላክሁ፤ «ዜና አይደለም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ብታልፍበት ሸራው ዛሬም አለ።

የተጣላችሁበት ጉዳይ ምን እንደሆነ አልነገርከኝም። ከሦስቱም ያገኘኸውን፣ የአባትህንም የወንድምህንም ሳታሳጥር፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ገልብጠህ ላክልኝ። የየትኛው ሰንሰለት የቱ ጋ እንደተበጠሰ አብረን እናየዋለን።